የአስር ሰዓቱ ፉጨት

ወንድሜ ቤት ልኖር ስገባ፣ ከእኔ የተሻለ የሚበሉ አምስት ፍጥረቶች ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ሁለት ጥንቸሎችና ሦስት ጊኒ ፒጎች። ጥንቸልን ሁሉም ያውቃታል። ጊኒ ፒግ የሚሉት ግን አሳማም አይደል፣ አይጥም አይደል፤ ጅራት የሌለው፣ እግሩ ያጠረ፣ አንድ ዳቦ የሚያህል ጠጉራም ነገር ነው። ሲርበው ይጮኻል፤ ጩኸቱም ቁርጥ ፊሽካ ነው። የሚኖሩት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ወንድሜ ግድግዳውን ተከትሎ በሠራላቸው ሰፊ የሽቦ ቤት ውስጥ ነው።

በክፍሉ በር ላይ የወንድሜ ሚስት በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል። ሰኞ ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠልና ዝኩኒ። ማክሰኞ ድንብላል፣ ቆስጣና የማያቃጥል ቃሪያ። ረቡዕ ሴለሪ፣ ኪያርና የቀይ ሥር ቅጠል። እንዲህ እያለ እስከ እሑድ ይዘልቃል። ከሥሩ ደግሞ «አንድ ዓይነት ቅጠል ሁለት ቀን አይደገምም» ብላ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ወረቀት የጻፈልኝ ሰው የለም።

የወረቀቱ ጸሐፊ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሕመሙ በአሥራ አንድ ቀን ነው የወሰዳት፤ ያውም ራሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ። ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ረጅም መስመር ስለሚነዳ ሁለት ቀን ውጭ ያድርና በሦስተኛው ቤቱ ይገባል። የሰባት ዓመት ልጁን የሚይዝለት ሰው ሲያጣ እኔን ጠራ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባልም ልጅም የለኝም፤ የስፌት መኪናዬን አሸክሜ መጣሁ። ለሰው እንደ ውለታ አወራሁት እንጂ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ያቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ከሆዴ እንደወጣች ነው የምወዳት። ከእኩዮቿ ሁሉ ስለምታንስ ሚጢ ነው የምንላት።

መውደድ ግን ቁጣዬን አላስቆመልኝም፤ ቁጣዬ ከእኔ ጋር ነው የተወለደው። በመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩን ይዤ ገበያ ወረድኩ። አትክልት ሻጯ አንድ በአንድ ሰምታኝ ሲያበቃ፣ ሆቴል ከፈትሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ለጥንቸል ነው ማለት አፈርኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወረቀቱን ተውኩትና ጥቅል ጎመንና ካሮት ብቻ መግዛት ጀመርኩ። ሰኞ ጎመን፣ ማክሰኞ ጎመን፣ ለእሑድ ክብርም ጎመን። ሚጢ አንድ ጠዋት በሩ ሥር ቆማ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ማንበብ የማልችል መስሏት ይሆናል። እንስሳ የሰጡትን ይበላል፣ ብዬ መለስኩላት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ሳምንት የጊኒ ፒጎቹ ሆድ ተነፋ። ጥንቸሎቹም ጎመኑን አሽትተው ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። አንደኛዋን ሚጢ ኩርፊያ ነው የምትላት፤ በዚያ ሳምንት ለስሟ የሚገባ ሥራ ሠራች፤ እኔን ባየች ቁጥር ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ድርቆሹን ግን ሁሉም ይበሉ ስለነበር አይሞቱም ብዬ ተውኳቸው። እጄ ድሮም አመድ አፋሽ ነው፤ ያበላሁት ሁሉ ያኮርፈኛል፣ እያልኩ በራሴ ቀለድኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ፉጨቱን ሰማሁ። ጊኒ ፒግ የሚያፏጨው የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ወይም ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ነው፤ ያንን በዚያች አጭር ጊዜም ተምሬዋለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። ሚጢ ከትምህርት ቤት ተመልሳ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ቁልፍ በየቀለሙ እየለየችልኝ ነው። ሦስቱም ባንድ ላይ፣ ሳያቋርጡ ያፏጫሉ። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ አስር ሰዓት ከአስር ይላል። ሚጢ ቁልፎቹን ትታ ተነሣች። ፊቷ ላይ ከመጣሁ ወዲህ አይቼው የማላውቅ ደስታ ነበር።

ተከትያት ሄድኩ። አምስቱም ፊታቸውን ወደ በር አዙረው ቆመዋል፤ ጥንቸሎቹ በኋላ እግራቸው ተነሥተው፣ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው። የሚያዩት እኔን አይደለም። እኔ ያለሁት በወጥ ቤቱ በኩል ነው፤ እነሱ ያፈጠጡት ወደ ጓሮ በሚያወጣው በር ላይ ነው። በሩ ተዘግቷል፣ መቀርቀሪያውም አልተነካም። ከዚያ አንገታቸው መዞር ጀመረ። በዝግታ፣ አምስቱም እኩል፤ ከበሩ ወደ ማጠቢያው ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ሽቦው። በክፍሉ ውስጥ የሚራመድ ሰው በዓይናቸው እየተከተሉ ነበር። ዓይናቸው ሽቦው ላይ ሲደርስ ፉጨቱ ቆመና የማኘክ ድምፅ ተተካ።

ማኘካቸውን ሰማሁ እንጂ የሚያኝኩትን አላየሁም። ሳህናቸው ላይ ያለው ጠዋት የሰጠኋቸው ጎመን ነው፤ አንድ ቅጠል አልጎደለም።

እኔ ነገር ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። ነፋስ ነው አልኩ፣ አይጥ ነው አልኩ፣ እርጅና ነው አልኩ። አርብ በዚያው ደቂቃ አፏጩ። ቅዳሜም እንደዚያው። ቅዳሜ ቤታቸውን ሳጸዳ ድርቆሹ ላይ አንድ ዘለላ የፐርሰሜሎ ቅጠል አገኘሁ። ገና አሁን እንደታጠበ ውሃው ይንጠባጠባል። እኔ ደግሞ እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ፐርሰሜሎ ገዝቼ አላውቅም።

ሚጢን ጠርቼ ጮህኩባት። ከሰው ጓሮ ቆርጠሽ አምጥተሽ ነው፣ እኔ ቤት ሌባ አያድግም፣ አልኳት፤ ቤቱ የእኔ አለመሆኑን እንኳ ረስቼ። ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «እማ ናት። አንቺ ጎመን ብቻ ስለምትሰጫቸው ይርባቸዋል። ሲርባቸው ትመጣለች።»

ክው አልኩ። ሂጂ እጅሽን ታጠቢ አልኳት።

እሑድ ወንድሜ ከጉዞ ሲመለስ ስለ ፉጨቱ ነገርኩት። ስለ ፐርሰሜሎው ግን ዝም አልኩ፣ አበደች እንዳይለኝ። ምን ሰዓት ላይ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ይልቅ ቤት በሚውልበት ቀን እንኳ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሄዶ እንደሚቀመጥ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እንደማይመለስ ነገረኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ከዚያ በላይ አልገፋሁትም።

እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። የትምህርት ቤቱ ነርስ ሚጢን ስትመዝናት እናቷ ከሞተች ወዲህ ሦስት ኪሎ ቀንሳ አገኘቻት። ሐኪም ደሟን መርምሮ ምንም አላገኘባትም። እኔ ደግሞ ትበላለች እለዋለሁ፤ የማቀርብላት ሳህን ሁሌ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ወንድሜ ጫማውን እያየ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሚዛኑ ካልጨመረ የእናቷ እናት ዘንድ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ እንደሚወስዳት ነገረኝ። «እትዬ፣ አንቺን ጥፋተኛ እያደረግኩ አይደለም» አለኝ። ጥፋተኛ እያደረገኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ልጅቱን ማጣት ማለት ለእኔ ቀሪ ዕድሜዬን ከስፌት መኪናዬ ጋር ብቻ ማውራት ነው። ያን ቀን ተደብቄ አለቀስኩ።

ሰኞ ስለ እሷ የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ትሠራበት የነበረው ሆስፒታል ሄድኩ። የሟቿ ዕቃ ገና ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት አልተወሰደም ነበርና በዚያ አሳበብኩ። ወጥ ቤቱ እስከ ጣሪያ በነጭ ሸክላ የተለበጠ ነው፤ ድስቶቹ ሰው ይደብቃሉ፤ በግድግዳው ጥግ የአልጋ ቁጥር የተጻፈባቸው ትሪዎች ተደርድረዋል። ዋና አብሳዩ ሽርጡ ውሃ የጠጣ ትልቅ ሰውዬ ነው። የባሏ እህት መሆኔን ስነግረው ነጭ የሥራ ጫማዋን በፌስታል አምጥቶ ሰጠኝ። ጫማው ጎንና ጎኑ ተሰንጥቋል። ዓይኔን ተከትሎ አይቶ፣ እግሯ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየዋለች ያብጥባት ነበር፣ አለኝ።

ሥራዋ አትክልት መክተፍ ነበር። ነገር ግን ማንም ሳያዝዛት የሚመለሱትን ትሪዎች ታያለች አለ። አንድ ትሪ ሳይነካ ከተመለሰ፣ ያ አልጋ ምን ሰልችቶት ነው ብላ ሌላ ነገር ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ምላስ ከሰለቸው ሆድ ይዘጋል ትል ነበር።

«አንድ ሰው ሳይበላ ከቀረ አትቀመጥም» አለኝ። «ተቀመጪ እንላታለን፤ ማን ሰምቶን። ሁሉም መብላቱን አይታ ነው የምትቀመጠው።»

ከተከተፈው የሚጣለውን፣ የካሮቱን አናት፣ የሰላጣውን ውጫዊ ቅጠል፣ የፐርሰሜሎውን ግንድ እያጠበች ለእንስሳቱ ትወስድ እንደነበርም ነገረኝ። አስር ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ቤቷ አሥር ደቂቃ ነው። ይህን ተናግሮ ቢላውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን የሚወስድላችሁ ማን ነው?»

ምኑን አልኩት።

«ቅጠሉን። እኛ እንደ ድሮው ለይተን በር ላይ እናስቀምጣለን፤ ልማድ ሆኖብን። አስር ሰዓት ሲል የለም። እናንተ የላካችሁት ሰው መስሎን ነበር።»

አዎ፣ እኛ ነን የላክነው አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ከዚያ እንዴት ቤት እንደደረስኩም አላስታውስም።

በማግስቱ ኩራቴን ውጬ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አንብቤ ገበያ ወረድኩ። ድንብላል፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ። አትክልት ሻጯ ሆቴሉ እንዴት ነው አለችኝ፤ ደንበኞቹ አስቸጋሪ ናቸው አልኳት። አጥቤ፣ ከትፌ፣ የቃሪያውን ፍሬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ኩርፊያ ሳትቀር ፊቷን አዞረችልኝና በላች። ያን ቀን አስር ሰዓት ከአስር ሆነ፤ አንድም አላፏጨም። ረቡዕም ጸጥታ ነበር። ለካስ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው አልኩ። እሷ የምትመጣው ስለተራቡ ነው፤ እኔ ካበላኋቸው ታርፋለች። ሦስት ቀሚስ ሠርቼ በረጅሙ ተነፈስኩ። ሚጢ ግን ሁለቱንም ቀን ከጓሮው በር ፊት ቆማ ሰዓቱ እስኪያልፍ ስትጠብቅ አይቻት፣ ነገሩን ከሐዘን ቆጠርኩት።

ሐሙስ ፉጨቱ ተመለሰ። ሮጬ ሄድኩ። ሳህናቸው ባዶ ነው፤ ያቀረብኩት ሁሉ አልቋል፤ ስለዚህ በልተዋል። ታዲያ ምን ጎደለባቸው? አንገታቸው እንደ ድሮው ከበሩ ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ ሽቦው ዞረ። ሽቦው ላይ ቆየት ብሎ፣ አዲስ ነገር፣ አልፎ ሄደ። አምስቱም ዓይናቸውን ከሽቦው አንሥተው ሚጢ በቆመችበት ጥግ ላይ አሳረፉት። ሚጢ ከግድግዳው ተጣብቃ አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች፤ እኔን በምታይበት ቁመት ሳይሆን ከእኔ ትንሽ አጠር በሚል ሰው ቁመት ላይ ነው የምታየው። የወንድሜ ሚስት ከእኔ ታጥር ነበር።

እጇን ይዤ አወጣኋት። እጇ የወፍ እግር ያህል ነው። አርብ በሩን ብቆልፍባት፣ ፉጨቱ ሲጀምር ከበሩ ወዲህ ሆና አገጯን ቀና አደረገች። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ በየቀኑ አትክልቱን ለውጬ አቀርባለሁ፤ በየቀኑ ሳህኑ ባዶ ይሆናል፤ በየቀኑም ያፏጫሉ። ልጅቱ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀረው።

ረቡዕ እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ክፍሏን ስጠርግ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አልጋው ሥር የቦት ጫማ ካርቶን አለ። ስከፍተው የበሰበሰ ቅጠል ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ገዝቼ ያጠብኩት፣ የከተፍኩት ሁሉ ተቆልሎ እየቀለጠ ነው። ከእንስሳቱ ሳህን ላይ አንሥታ ነው። ቅጠሉን በዕንጨት ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ዳቦ አለ። እንቁላል አለ። ሩዝ በሶፍት ተጠቅልሎ አለ። የሳምንት ቁርሷ፣ ምሳዋ፣ ራቷ። መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ሳለ ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ሳህን ሁሉ እዚያ ነበር።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ነበር የጠበቅኳት። ልጮህ አስቤ ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን ጩኸቱ አልመጣም። ለምን እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት።

«አንቺ ጥሩ ጥሩውን ስታበያቸው ቀረች» አለች። «ስለዚህ መልሼ ወሰድኩባቸው። ድርቆሹን ግን አልነካሁም፤ እንዳይሞቱ።»

የራስሽንስ፣ አልኳት።

«መጀመሪያ እንዲሁ አልበላ ብሎኝ ነው። አሁን ግን ሆን ብዬ ነው። እነሱ ሲርባቸው እነሱ ጋ ትመጣለች፤ እኔ ሲርበኝ እኔ ጋ ትመጣለች።»

«መጣች?»

በእጇ ደረቷን ነካች። «ትናንት እዚህ ድረስ ቀረበችኝ። ዛሬ ታበላኛለች።»

ከዚያስ፣ ብዬ ጠየቅኩ፤ መልሱን እያወቅኩት።

«ከዚያማ አብሬያት እሄዳለሁ» አለች፤ ደብተር ልትገዛ የምትሄድ ይመስል።

ሰዓቱን አየሁ። አርባ ደቂቃ አልሞላም። ልጅቱን አቅፌ መሮጥ አሰብኩ። ግን ወዴት? ረሃቧን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ረሃቧ ባለበት ደግሞ እናቷ ትመጣለች። ወንድሜ በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መሪ ይዟል። ቀሪው እኔ ነኝ፤ እንስሳ የሰጡትን ይበላል ያልኩት እኔ።

የዕለቱን ሴለሪ፣ ኪያርና የቀይ ሥር ቅጠል ከትፌ ለአምስቱ ሰጠሁና እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። በሉ፤ ጠግበው ተጋደሙ። ለሚጢ ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አቀረብኩ። ከንፈሯን ገጠመች። ለመንኳት። ትኩር ብላ አየችኝ እንጂ አፏን አልከፈተችም። እናቷን የምትጠብቅ ልጅ ናት፤ በአንድ ቁራሽ አታልላት ዘንድ እኔ ማን ነኝ?

ከዚያ ጠግበው የተኙት ጊኒ ፒጎች ብድግ ብለው ማፏጨት ጀመሩ።

በሩ አልተከፈተም። አንገታቸው ግን ዞረ። ገንዳው ጋ። ሽቦው ጋ። ሽቦው ላይ ለአፍታም አልቆየም። የታጠበ ቅጠል ሽታ መጣ፣ ከሽታው ጋርም ቅዝቃዜ፤ አጠገቤ አለፈ፤ ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ተነሣ። ሚጢ አገጯን ቀና አድርጋ እንደ ጫጩት አፏን ከፈተች። በታችኛው ከንፈሯ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ዐረፈች። በዓይኔ አየኋት፤ ከየትም አልፈሰሰችም፣ ከላይ ነው የወረደችው።

ወለሉ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩና ልጅቱን ሳይሆን ከልጅቱ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ አናገርኩ። ሦስት ሳምንት ጎመን ያበላኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቱን አትውሰጃት፣ እኔ ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። አንገታቸው አልዞረም። የከንፈሯ ጠብታ ሁለት ሆነች።

ያኔ ለሚጢ ተናገርኩ።

«እናትሽ ሰው ሳይበላ ከቀረ አትቀመጥም» አልኳት። «ሆስፒታልም እንዲያ ነበረች። የመጨረሻው ሰው እስኪበላ ቆማ ነው የምትጠብቀው። እግሯ ያብጥ እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

አፏን እንደከፈተች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አንቺ እስከራበሽ ድረስ ቆማልሻለች፣ ሚጢ። ከሞተች ጀምሮ አልተቀመጠችም።»

አፏ ቀስ ብሎ ተገጠመ። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ፊት ሊኖር በሚችልበት ቦታ ላይ አየች። ቀጥሎ ዓይኗን ወደ ወለሉ አወረደች፤ እዚያም ረጅም ጊዜ አየች። እኔ ሲሚንቶ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«አሁንም አብጧል» አለች።

እጇን ዘረጋች። ዳቦውን ሰጠኋት። ቆረሰች፣ አኘከች። ጉሮሮዋ እንቢ አለ፤ ታገለችው፤ ዋጠች። እንባዋ ከዳቦው ጋር አፏ ውስጥ ይገባ ነበር። ሁለተኛውን ቆረሰች፣ ሦስተኛውን ቆረሰች፣ እንቁላሉን ለሁለት ነክሳ ዋጠች፤ እያንዳንዱን ስትውጥ አፏን ከፍታ ባዶ መሆኑን ታሳያለች፣ ለእኔ ሳይሆን ከፊቷ ላለው።

«በላሁ፣ እማ» አለች። «ተቀመጪ።»

የአምስቱም እንስሳት ዓይን ዝቅ አለ። ከቆመ ሰው ቁመት፣ በዝግታ፣ ወደ ተቀመጠ ሰው ቁመት ወረደ፤ ገንዳው አጠገብ ያለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ። በርጩማዋ ሲጢጥ አለች። እኔና ልጅቱ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ሰዓትም። አንድ ጊዜ ኩርፊያ ጆሮዋን አከከችና ድርቆሿን መንጨት ጀመረች፤ ሌሎቹም በየፊናቸው ተበተኑ። ሽታው ጠፍቶ ነበር። በየትኛው ደቂቃ እንደሄደች ማናችንም አላየንም።

ሚጢ ጭኔ ላይ ተቀምጣ በቡጢዋ ደረቴን መታችኝ፤ አንቺ ነሽ ያስቀረሻት እያለች። አስቀረኋት፤ ደግሜም አስቀራታለሁ። መታችኝ፣ ደከማት፣ አለቀሰች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ኋላ ሁለተኛውን እንቁላል አንሥቼ ስሰጣት ሳትለመን በላችው። ስትጨርስ እጇን ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እነሱን እኛ እናበላቸዋለን» አለች። «እኔን አንቺ ታበይኛለሽ። እሷንስ ማን ያበላታል?»

 ሳልከትፈው ከተረፈው ሴለሪ ቀንበጡን መርጬ አጠብኩትና፣ ልጅቱ እያየችኝ፣ በጓሮው በር ሥር አኖርኩት። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ጓሮ የወጣሁት በፊት ለፊቱ በር ዞሬ ነው። ቅጠሉ ቢወሰድም፣ እንዳለ ቢገኝም፣ ሁለቱንም የምችላቸው አልመሰለኝም።